የጤፍ ብረት
አንዲት ደቃቅ ዘር ከአውድማ ወደ ላቦራቶሪ የሄደችበት የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት መንገድ

በ1775 ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ አቲሊዮ ዙካኚ የተባለ ጣሊያናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳተመ። የጻፈው የአቢሲኒያ ሰዎች «ጤፍ» ብለው ስለሚጠሩት፣ ዱቄቱም ተቦክቶ ስለሚጋገር ተክል ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጎንደር ድረስ ዘልቆ የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጤፍን በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ። ሁለቱም የጻፉት ዓይን ስለሚያየው ነገር ነው፤ ስለ አገዳው፣ ስለ ዛላው፣ ስለ ፍሬው ደቃቅነት። በፍሬው ውስጥ ምን እንዳለ ለመናገር የሚያስችል ኬሚስትሪ በዚያ ዘመን ገና አልዳበረም።

በ1886 የእንግሊዙ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ከኢትዮጵያ ያስመጣውን የጤፍ ዘር ወደ ህንድ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ አሰራጨ። ዘሩ በደረሰበት አገር በቀለ። ነገር ግን የሰው ምግብ ሆኖ አልተለመደም። ደቡብ አፍሪካውያን ድርቆሽ አድርገው ለከብት አበሉት፤ እስከ ዛሬም እዚያ ይበልጥ የሚታወቀው በመኖነቱ ነው። ዘሩ ተሻገረ፣ ሙያው ግን አልተሻገረም። ያለ ምጣድ፣ ያለ እርሾና ያለ ጋጋሪዋ እጅ ጤፍ ሣር ብቻ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ፍሬው ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ኋላ የመጣው የሳይንስ ክርክር ሁሉ የተነሣው ከዚሁ ነውና። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። አንድ ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ቢመዘን የግራም ሲሶ ቢሆን ነው። ይህ ደቃቅነት ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ጤፍን እንደ ስንዴ ነጭ ዱቄት አድርጎ ማጣራት፣ እንደ ሩዝም መፈተግ አይቻልም። ገለፈቱንም ጽንሱንም እንደያዘ ሙሉው ይፈጫል፤ በሌሎች እህሎች ወፍጮ ቤት የሚቀረው አሰርና ማዕድን በጤፍ ከእንጀራው ጋር ይበላል። ሁለተኛ፣ ፍሬው ባነሰ ቁጥር ለክብደቱ የሚደርሰው የውጭ ገጽ ይሰፋል፤ ስለዚህ አቧራና አፈር አጥብቆ ይይዛል።

አፈሩን የሚያገኘው ደግሞ አውድማ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ታጭዶ ይከመራል። ክምሩ ሰንብቶ የመውቂያው ጊዜ ሲደርስ አውድማው ይደለደልና በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ነዶው ይበተንበትና በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል። ገበሬው በመንሽ ያገላብጣል፣ በላይዳ ወደ ነፋስ እየወረወረ ፍሬውን ከእብቁ ይለያል። በሬው በረገጠ ቁጥር ልቅላቂው ይነሣል፣ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈርም ይቦናል። የኢትዮጵያ ደጋ ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ነው። በዓይን የማይለየው የዚህ አፈር ትቢያ ፍሬው ላይ ተለጥፎ፣ ከወንፊት አምልጦ፣ ዱቄት ውስጥ ይገባል።

በ1927 ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በቅሎ ጭኖ የኢትዮጵያን ደጋ አቋረጠ። አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን እየተጓዘ ከየገበሬው ማሳ ዘር ለቀመ። ጤፍ፣ ኑግ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጥራጥሬ እያየ በደረሰበት ድምዳሜ ይህን አገር የዓለም ሰብሎች ከፈለቁባቸው ጥቂት ማዕከላት መካከል መደበው። እኒህ ዘሮች የገበሬ ሥራ ውጤት መሆናቸውን ከልቡ የተናገረ ሰው ነበር። ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ቫቪሎቭ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ።

ጤፍ ላቦራቶሪ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የጤፍ የግብርና ምርምር በ1950ዎቹ ጅማ ላይ ተጀምሮ ኋላ ወደ ደብረ ዘይት ተዛወረ። በ1958 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያቋቋሙት የሥነ ምግብ ኮሚቴ ባለሙያዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ የሕዝቡን አመጋገብ መረመረ፤ ሪፖርቱ በ1959 ወጣ። ባለሙያዎቹ የእንቅርትን መብዛትና የቫይታሚን ኤ እጥረትን መዘገቡ። ከሁሉ ያስገረማቸው ግን የብረት መጠኑ ነበር። አንድ ወንድ በቀን ስምንት ሚሊግራም ገደማ፣ አንዲት በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት አሥራ ስምንት ሚሊግራም ገደማ ብረት ሲበቃቸው፣ ጤፍ የሚበላው ኢትዮጵያዊ ገበታ ላይ የተለካው ብረት ከዚህ በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በደጋው ሕዝብ ላይ የደም ማነስ እምብዛም አለመታየቱ ወሬውን አጠናከረው። ጤፍ የብረት ማዕድን ነው የሚለው ዝና የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥርጣሬውም አልዘገየም። በ1963 ጉናር አልምጎርድ የተባለ ስዊድናዊ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን የጤፍና የሌሎች ሰብሎች ናሙናዎች መርምሮ፣ ከፍተኛው ብረት የመጣው ከአፈር ብክለት ነው ሲል ጻፈ። በ1966 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት መላክ መንገሻ የጤፍን ንጥረ ነገር ከስንዴ፣ ከገብስና ከማሽላ ጋር አነጻጽሮ ባንድ ዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተመ። የሌላ አገር ሰው ሲመዝነው የኖረውን እህል የአገሩ ልጅ በሳይንስ ቋንቋ ሲመዝነው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1962 ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ፤ ይህ ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። የክፍሉ ባለሙያዎች ሁለት ነገር አተረፉልን። የመጀመሪያው በ1968 የታተመው የኢትዮጵያ ምግቦች የንጥረ ነገር ሰንጠረዥ ነው፤ ጎስታ ኦግረንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁት ይህ ሰንጠረዥ ከጤፍ እስከ ተልባ፣ ከሽምብራ እስከ ኑግ የምንበላውን ሁሉ በቁጥር አሰፈረ። ሁለተኛው ፋፋ ነው። ጡት ለሚያስጥሉ እናቶች ታስቦ ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከዱቄት ወተትና ከስኳር የተዘጋጀው፣ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ይህ ዱቄት በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ገበያ ላይ ዋለ። የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን የበለጸገ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ከመጥገብ አልፎ ጤናን የሚጠብቅ ምግብ ዛሬ ዓለም በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ አዲስ አበባ ግን ያን ጊዜ ለድሃ ልጅ አዘጋጅታው ነበር። ገንፎ ሆኖ ትውልድ አሳድጓል።

የጤፍን ብረት ጉዳይ ይበልጥ ያጠራው ከዚሁ ክፍል ጋር ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ነው። በ1968 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያውያንን ደም መርምሮ፣ ከፍተኛ ብረት የሚበሉ ሰዎች ሰውነታቸው የሚያገኘው ከዚያ በጣም ያነሰውን መሆኑን አሳየ። ከአፈር የመጣው ብረት አብዛኛው በአንጀት በኩል ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ጉዳዩን በማያሻማ መንገድ የቋጩት ደግሞ አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከአፈር የጸዳ ጤፍ የያዘው ብረት ከሌሎች እህሎች ያን ያህል የራቀ እንዳልሆነ አስረዱ። ሥራቸው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአገር ዝና ላይ የራሳቸውን ሚዛን ለማስቀመጥ የደፈሩ ምሁራን ናቸውና ሊመሰገኑ ይገባል።

ታዲያ ጤፍ ዝናው ባዶ ነበር ማለት ነው? አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ሰንጠረዥ ለ100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ 13 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 8 ግራም አሰር፣ 180 ሚሊግራም ካልሲየም፣ 184 ሚሊግራም ማግኒዝየምና 7.6 ሚሊግራም ብረት ይመዘግባል። ይኸው ሰንጠረዥ ለሙሉ ስንዴ ዱቄት የሚሰጠው ካልሲየም 34 ሚሊግራም ብቻ ነው። በላይሲንም ጤፍ ከስንዴ ይሻላል። እንግዲህ በመቶዎች ሚሊግራም የተቆጠረው ብረት ከአፈር ቢሆንም የተቀረው ጸጋ የፍሬው የራሱ ነው፤ ማጋነን ሳያስፈልገው በራሱ ይበቃዋል።

በ1970ዎቹ ሥራው ወደ ማሳው ተመለሰ። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ አበባው ደግሞ ከፍሬውም ያንሳል። ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። ተመራማሪው ታረቀ በርሄ ግን አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት አድፍጦ ደረሰበት፤ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች፣ ከአንድ ሰዓት ግድም ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፈታል። በዚያች ቅጽበት በማጉያ መነጽር ሥር፣ በረቂቅ መቆንጠጫ የወንዴ ዘሩን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ማድረስ ተቻለ። በ1975 ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ የጤፍ ማዳቀልን በር ከፈተ። የዚያ በር ትልቁ ፍሬ በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ነው፤ የማኛን ንጣትና የዱከም የተባለውን ዝርያ ምርታማነት አጣምሮ ገበሬውን ያስደሰተ፣ በብዙ ወረዳ የተዳረሰ ዝርያ ሆነ።

በዚያው በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የአይዳሆ ስኔክ ወንዝ ሸለቆ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ጋር መመሳሰሉን አስተዋለና ጤፍ ዘራበት። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ ከአገር የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ ጓዳዎች ከስንዴና ከበቆሎ ዱቄት እንጀራ ሲያስመስሉ የነበሩ እናቶች ከአይዳሆ የመጣ ጤፍ አቦኩ። በማሽን የሚሰበሰበው የአይዳሆ ጤፍ አውድማ አይነካም፤ በሬም አይረግጠውም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተከፈተው በግሉተን ነው። ሴሊያክ የተባለ ሕመም ያለበት ሰው ስንዴ፣ ገብስ ወይም ራይ የተባለውን አጃ መሰል እህል ሲበላ በውስጣቸው ያለው ግሉተን የገዛ መከላከያ ሴሎቹን አስቆጥቶ የአንጀቱን ግድግዳ ያጠቃል። በ2005 በኔዘርላንድ የሌይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ የጤፍ ዝርያዎችን ከሴሊያክ ሕሙማን በተወሰዱ ሴሎች ፈትነው፣ ጤፍ ሴሎቹን እንደማያስቆጣ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አስታወቁ። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ሲበላው የኖረው ነገር ባንድ ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ ገበያ የጤና ምግብ ሆነ።

ገበያው ሲከፈት የባለቤትነት ጥያቄ ተከተለ። በዚያው በ2005 የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው በጤፍ ይነግዳል፣ ከትርፉም ለኢትዮጵያ ያካፍላል የሚል ተስፋ ነበር። ስምምነቱ በዓለም ላይ በአርአያነት ተወደሰ። ኩባንያው ግን በ2009 ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ሰጥቶ ነበር፤ መብቱ ከክስረቱ በኋላም ከኩባንያው ሰዎች ጋር በተያያዙ ሌሎች ድርጅቶች እጅ ቆየ።

ፓተንቱ ፈጠራ ብሎ ከጠራቸው ነገሮች ዋናው፣ ከአጨዳ በኋላ ቆይቶ በደንብ ከበሰለ ጤፍ የተዘጋጀ ዱቄት ለመጋገር ይሻላል የሚል ነበር። የኛ ገበሬ ጤፉን አጭዶ በቀጥታ አይወቃም፤ ከምሮ ያቆየዋል። ምሕንድስናው የአባቶቹ ነው፤ ግን የትም አልተጻፈም፣ በማንም ስም አልተመዘገበም። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሁለት ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር ፓተንቱ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። ዜናው በ2019 መጀመሪያ ሲሰማ አዲስ አበባ ተደሰተች። ደስታው ይገባል፤ ያ ፍርድ ግን የተገኘው ሌሎች ለራሳቸው ጥቅም በተሟገቱበት ችሎት ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የጤፍ ዋጋ በአገር ውስጥ ተወደደ። በ2006 መንግሥት የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ በ2015 ለተወሰኑ ሰፋፊ እርሻዎች ብቻ ፈቀደ። ነገር ግን የተጋገረ እንጀራ አልተከለከለምና፣ ከአዲስ አበባ በሚነሣ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መጓዙን ቀጠለ። ምርምሩም አልቆመም፤ በ2014 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ዘሪሁን ታደለ የመሩት ቡድን ፀደይ የተባለውን ዝርያ ተጠቅሞ የጤፍን የዘር ካርታ አነበበ።

ወደ ብረቱ እንመለስ፤ ሳይንሱ ወደሱ ተመልሷልና። በ2007 የሐዋሳ ተመራማሪዎችና ያችው የ1968ቱ ሮዛሊንድ ጊብሰን በሲዳማ ገጠር የሚበሉ ምግቦችን መረመሩ። ጥያቄው ምን ያህል ብረት አለ የሚለውን አልፎ ምን ያህሉ ደም ውስጥ ይገባል ወደሚለው ተሻግሯል። የዚህ ጥያቄ ቁልፍ ፋይቴት ይባላል። በእህልና በጥራጥሬ ሽፋን ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት ብረትንና ዚንክን አንቆ ይይዝና አንጀት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ጋጋሪዋ የምትሠራው ግን ይህን ማሰሪያ ይፈታል። ዱቄቱን ለውሳ እርሾ ትጨምርበታለች፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ከላይ የጠለለውን ውሃ ታስወግዳለች፤ ከሊጡ ጥቂት ወስዳ አብሲት ጥላ ትመልስበታለች፤ ሊጡ ኩፍ ሲል በጎመን ዘር ባሰሰችው የጋለ ምጣድ ላይ ታዞራለች፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትደፋለች። በእነዚያ ቀናት ውስጥ በሊጡ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንና የእህሉ የራሱ ኢንዛይሞች ፋይቴቱን ይሰብሩታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ ባየ በዚህ ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች ቡኮው ፋይቴትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ከአፈር የመጣው ብረት ግን ሰውነት የማይጠቀምበት ሆኖ እንደሚቀር፣ ቀለማቸው በጠቆረ ጤፎች ያለው ታኒን ደግሞ የራሱ እንቅፋት እንዳለው አስጠንቅቀዋል።

ማስጠንቀቂያው የቤተ ሙከራ ወሬ አይደለም። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶ ገደማ የደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። የደም ማነስ መንስኤው ብዙ ነው፤ የጤፍ ብረት ይበቃኛል ብላ የምትዘናጋ ነፍሰ ጡር ግን ልትጎዳ ትችላለች። ሐኪም የሰጣትን የብረት ኪኒን ለእንጀራ ብላ መተው የለባትም።

ስለዚህ ይህ ረጅም ታሪክ ለገበታችን የሚነግረን ነገር አለ። እንጀራው በደንብ ይቡካ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ቡኮው አይጠር። ጤፉ ከመፈጨቱ በፊት ይነፋ፣ ይጥራ። ከእንጀራው ጋር ምስር፣ ሽሮ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ይቅረብ፤ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ብረቱን ለሰውነት ያቀርባል። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡ ጋር ተያይዘው ባይጠጡ ይመረጣል፤ ብረቱን ይይዙታልና ትንሽ ቆይቶ መጠጣቱ ይሻላል።

ለተመራማሪዎቻችን፣ ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለፋብሪካ ባለቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ጤፍን ሁለት ጊዜ ሌሎች ተናገሩለት፤ አንድ ጊዜ በአፈር ተነክሮ በተለካ ብረት አገነኑት፣ አንድ ጊዜ የገበሬውን ልማድ በፓተንት ቋጥረው ወሰዱት። ሁለቱም የሆነው እኛ ራሳችን ለክተን፣ ጽፈን፣ በስማችን ስላላኖርነው ነው። መላክ መንገሻና አብርሃም በስራት ያሳዩን መንገድ ክፍት ነው። የየአካባቢውን ጤፍ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍና ሽምብራ በራሳችን ላቦራቶሪ እንመዝን፤ የእናቶቻችንን የቡኮ ጥበብ በጽሑፍ እናኑር፤ ለልጆቻችን የሚሆን ሁለተኛ ፋፋ ከእነዚሁ ዘሮች እንሥራ። ያልለካነውን አናውጅ፤ የለካነውንም ሳንጽፈው አንቆይ።